«ጫማ የማድረግ ልማድ የላቸውም» ለሚለው ዘገባችሁ የተሰጠ ምላሽ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናት ላይ ተመሥርታችሁ ስለ ዝሆኔ በሽታ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ በሽታ በትንኝ የሚተላለፍ ሳይሆን ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ መሆኑን በትክክል ጽፋችኋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር ስለሆነ አመሰግናለሁ። ወዲያው ቀጥላችሁ ግን በምሥራቅ ጎጃም በሽታው የበዛው ነዋሪው «ጫማ የማድረግ ልማድ ስለሌለው» ነው ብላችኋል። የዚያው አገር ተወላጅና የሕመምተኛ ልጅ ስለሆንኩ ይህን በዝምታ ላልፈው አልችልም።

እናቴ ኮንጎ ጫማ ነበራት። የምታደርገው ቤተ ክርስቲያን ስትስም እና ገበያ ስትወርድ ነበር። ለአረም ብታደርገው የክረምቱ ጭቃ ውጦ ያስቀረዋል፤ ቢበጠስባት ደግሞ መተኪያው ገንዘብ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚፈለግ ነው። እግሯ ካበጠ በኋላ ገበያ ላይ ከተደረደረው ጫማ ሁሉ አንዱም አልገባላትም። ችግሩ ልማድ ቢሆን ኖሮ ለበዓሉ ቀንስ ለምን ጫማ ትቆጥብ ነበር?

ይህ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መጠይቅ ይዞ የመጣ ተማሪ «ዘወትር ጫማ ያደርጋሉ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ ነበርኩ። «የለም» አለች፤ እሱም ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ለምን እንደማታደርግ፣ ጫማው ስንት እንደሚያወጣ፣ በልኳ ይገኝ እንደሆነ የጠየቃት የለም። እንዲህ ያለው መልስ ተደምሮ በመቶኛ ሲሰላ ድህነቱ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋና ልማድ የሚባል ነገር ይተካል። ጋዜጣም ያንኑ ተቀብሎ ያትመዋል።

ዘጋቢያችሁ ጥቂት ቢያገላብጥ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትን፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ጥናት ያገኝ ነበር። እግርን በሳሙና ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲንና ጫማን ያካተተውን እንክብካቤ ያገኙት ሕሙማን፣ አልጋ ላይ የሚጥለው ትኩሳትና የእግር መቆጣት ካላገኙት ይልቅ ቀንሶላቸዋል። በልማድ ጫማ የሚሸሽ ሕዝብ ቢሆን ይህ ውጤት ባልተገኘ ነበር። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የወላይታ ጥናት፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሚኖረው የሥራ ጊዜ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይተዋል። ግማሽ የሚጠጋ የሥራ ጊዜውን ሕመም የወሰደበት ገበሬ በምን ገንዘብ ነው ለቤተሰቡ ሁሉ ጫማ የሚገዛው?

በዘገባችሁ ውስጥ ተመራማሪው ተናግሯል፤ አማካሪ መምህሩና የወረዳው ኃላፊም ተናግረዋል። የአንድ ሕመምተኛ ቃል ግን የለበትም። ባለእግሩን ሳይጠይቁ በእግሩ ላይ መፍረድ ነውር ነው። የእህቴ ጋብቻ የፈረሰው «ዘራቸው ዝሆኔ አለበት» ተብሎ ነው። በዘር የመጋለጥ ዝንባሌ መኖሩ በጥናት መታወቁ እውነት ነው፤ ሆኖም ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው አይታመምም፤ ይህን ለሙሽራው ቤተሰብ ያስረዳልን አልነበረም። አሁን ደግሞ የሰፈሩ ነቀፌታ የጥናት ማዕረግ ተሰጥቶት በጋዜጣችሁ ወጥቷል።

እናቴ ከጎረቤት የምትሸፍነውን እግሯን ለማታውቃቸው ተማሪዎች ገልጣ አሳይታለች፤ ለቅሶና ሠርግ ለምን እንደቀረች ነግራቸዋለች። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ተመርቆ ያገኘውን ውጤት ለቀበሌው ሊያስረዳ የተመለሰ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያጸድቁ መምህራን፣ ተማሪው ውጤቱን መረጃ ለሰጡት ሰዎች በቃል ማቅረቡን ሳያረጋግጡ ሊያሳልፉት አይገባም።

ከእናንተ የምጠይቀው ማረሚያ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ ዘጋቢያችሁም ማረሚያውን ከመጻፉ በፊት መጥቶ ሕመምተኞቹን ያነጋግር።

የሕመምተኛ ልጅ፣ ከደብረ ማርቆስ