ጉዳዩ፦ «ለማንኛውም ሳሙና» ብላችሁ ስለምትሸጡት ፈሳሽ ቀለም

ሰላም ለእናንተ፣

ደብዳቤው የሚደርሰው ለደንበኞች አገልግሎት ክፍላችሁ ነው። ግን ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው ሰው ቢያነብልኝ እመርጣለሁ። ምክንያቱም ችግሩ ያለው እዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። «ለማንኛውም የእጅ ሥራ ሳሙና ይሆናል» ይላል። አይሆንም።

ከእናንተ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊና ቀይ ፈሳሽ ቀለም ገዛሁ። ሳሙና የምሠራው በቀዝቃዛው ዘዴ ነው፤ ማለትም ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ ተነስቼ። ወይን ጠጁን ጠብ ሳደርገው መጀመሪያ ደስ የሚል መልክ ነበረው። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገልብጬ ሸፍኜ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው ወይን ጠጅ የሚባል ነገር የለም። ዳር ዳሩ ግራጫ ሆኗል፣ ይበልጥ የሚሞቀው መሃሉ ደግሞ ክብ ሠርቶ ቡናማ ሆኗል። ስቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ መሃል ላይ ያ ቡናማ ክብ አለ።

ስጽፍላችሁ የመጣልኝ መልስ «ኮስቲክ ሶዳ አብዝተው ይሆናል» የሚል ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ መልስ አይደለም። ሁሉንም በሚዛን ነው የምለካው፣ ዘይቱንም ሶዳው ከሚፈልገው በ5 በመቶ አስበልጬ ነው የምሠራው። ከዚያው ውህድ ላይ ቀለም ሳልጨምር ያስቀረሁት ክፍል ደግሞ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ሶዳው ቢበዛ እሱም አይተርፍም ነበር። የተለየው ነገር ቀለማችሁ ብቻ ነው።

ምክንያቱንም የምታውቁት ይመስለኛል። ገና ያልረጋ ውህድ ፒኤቹ፣ ማለትም የአልካሊነቱ መለኪያ፣ ከ12 በላይ ነው። ሳሙናው ደርቆ ለመታጠቢያ ሲደርስ እንኳ ከ9 እስከ 10 አካባቢ ይቆያል። ለምግብና ለመጠጥ የተሠሩ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ቀለሞች ብዙዎቹ ይህን አይችሉም። መልካቸውን ይለውጣሉ፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋሉ። ወይን ጠጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀይና በሰማያዊ ድብልቅ ስለሚሠራ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ብቻውን ይቀርና መልኩ ሌላ ይሆናል። ሳሙና ሆኖ ያለቀ ቤዝ አቅልጦ ለሚያፈስ ሰው ይሄ ችግር አይገጥመውም፣ ምክንያቱም ሶዳው ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ያንኑ ጠርሙስ አንዱ ገዝቶ ያመሰግናችኋል፣ ሌላው ሙሉ ውህድ ይጥላል። ይህን ልዩነት ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚወስደው።

ሰማያዊው የበለጠ አናዶኛል፣ ምክንያቱም ጊዜ ጠብቆ ነው ያሳየኝ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ አድርጌ ነበር የሠራሁት። ስቆርጠው መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፣ ኮራሁበት። ከዚያ መደርደሪያ ላይ እንዲደርቅ ተውኩት፤ የቀዝቃዛው ዘዴ ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰማያዊው እርጥብ ጨርቅ እንደነካ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ነጩ ወጣ። አሁን ነጭ የሚባል ክፍል የለውም። ይህን ሳስታውቃችሁ «የመመለሻ ጊዜው አልፏል» ተባልኩ። ጉድለቱ የሚታየው ሳሙናው ሲደርቅ ከሆነ፣ የመመለሻ ጊዜው ደግሞ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ፣ ደንበኛው መቼ ነው የሚመልሰው?

የሚሟሟ ቀለም ይሄዳል፤ ሳሙናው ውስጥ ያለውን እርጥበት ይዞ ከንብርብር ወደ ንብርብር ያልፋል። ይሄ ቤዝ አቅልጠው የሚያፈሱትም ላይ ይደርሳል። እንደ አይረን ኦክሳይድና አልትራማሪን ያሉት ፒግመንቶች ግን የማይሟሙ ደቃቅ ብናኞች ናቸው፣ ካስቀመጧቸው ቦታ አይነቃነቁም። እነሱም ግሊሰሪን ወይም ዘይት ውስጥ ተበጥብጠው በጠርሙስ ይሸጣሉ። ስለዚህ «ፈሳሽ ቀለም» የሚለው ስም ብቻውን ለገዢው ምንም አይነግረውም። ውስጡ ያለው የቱ ነው? የናንተን ጠርሙስ መስኮት ላይ ይዤ አየሁት፣ ብርሃኑ ጥርት ብሎ ያልፋል። ሳይነካ አስቀምጬውም ሥሩ ላይ ምንም አልዘቀጠም። ፒግመንት ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። ይህን ግን እኔ በመስኮት ማጣራት አልነበረብኝም፣ እናንተ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር።

ስለ ቀዩ ብዙ አልልም። «የሚፈልጉት መልክ እስኪመጣ ይጨምሩ» ይላል ጠርሙሱ፣ መጠን የለውም። እንደተባልኩት ጨመርኩ፣ አረፋው ሮዝ ሆነ፣ ፎጣም ነካ። ለአንድ ኪሎ ውህድ ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር መጻፍ ምን ይከብዳል?

ሌላው ቀርቶ የቀለሙ መለያ ቁጥር እንኳ የለም። ዓለም ላይ ሁሉ የሚሠራበት የከለር ኢንዴክስ ቁጥር አለ፤ አልትራማሪን 77007 ነው፣ ቀይ አይረን ኦክሳይድ 77491፣ የሚሟሟው ሰማያዊ ብሪሊያንት ብሉ ደግሞ 42090። ቁጥሩ ቢኖር ሠሪው ጠርሙሱን ሳይከፍት የሚሟሟ ይሁን ፒግመንት ያውቃል። ሳሙናዬን የሚወስዱት ሰዎች ቆዳቸው ላይ ነው የሚያሹት፣ ምን እንዳለበት ሲጠይቁኝ መልስ ሊኖረኝ ይገባል። አሁን ያለኝ መልስ «ሰማያዊ» ብቻ ነው።

ሌላ ቀለም በነፃ እንላክልዎ ብላችኋል። አመሰግናለሁ፣ ግን ያው ዓይነት ከሆነ አልፈልገውም። የምፈልገው የሦስቱም ጠርሙስ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ነው። «ለማንኛውም ሳሙና» የሚለው ይነሳና ለየትኛው ዘዴ እንደሚሆን፣ ለየትኛው እንደማይሆን በግልጽ ይጻፍ። የቀለሙ ቁጥር፣ መጠኑ፣ የተበጠበጠበት ነገር ውሃ ይሁን ግሊሰሪን ወይም ዘይት፣ ውሃ ከሆነም እንዳይበላሽ መከላከያ ተጨምሮበት እንደሆነ ይታወቅ። ጽሑፉ እስኪቀየር ድረስ ደግሞ ቢያንስ መሸጫ ገጻችሁ ላይ ማስጠንቀቂያ አድርጉ፣ ዛሬም ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቦ ዘይቱን እያሞቀ ያለ ሰው ይኖራል።

የቁራጮቹን ፎቶ፣ ቀለም ያልገባበትን ነጩን ጨምሮ፣ ከጠርሙሶቹ የምርት ቁጥር ጋር አያይዣለሁ። ሳሙናዎቹንም አልጣልኳቸውም፣ ማየት ከፈለጋችሁ እልካለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ደንበኛችሁ