ጥሎሹ በጽሑፍ ይሁን፦ ለአዳማ ከተማ አስተዳደር የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

አዳማ ውስጥ ስኖር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በሰፈራችን ልጅ ለማጋባት ሲታሰብ ሽምግልና ከሚላኩት አንዱ ነኝ። ድሮ ለዚህ ስጠራ ጋቢዬን ደርቤ ደስ እያለኝ እወጣ ነበር። አሁን ግን የልጅቷ ቤተሰብ «ፈቅደናል» ካለ በኋላ የሚከተለው የጥሎሽ ንግግር ያስጨንቀኛል።

አምና ከጥምቀት በኋላ የተዳረ አንድ መምህር ነበር። ሀብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ አምባርና ቀለበት ከነግራሙ ተቆረጠለት። «ልጃችን ከታላቅ እኅቷ ልታንስ አይገባም» አሉ። እኛም ሽማግሌዎቹ ተቀበልን፤ ያኔ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ልጁ የእቁብ ዕጣ ለምኖ ቀድሞ ወሰደ፣ ከዘመድ ተበደረ፣ ይህም አልሞላ ሲለው ሀብሉን ከአክስቱ ተዋሰ። በጥሎሹ ቀን ሻንጣው ተከፍቶ ወርቁ አንድ በአንድ እየተነሳ ለታዳሚው ታየ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ቪዲዮም ተቀረጸ። መልሱ ባለፈ በሳምንቱ አክስት ሀብሏን ጠየቀች። ሙሽሪት እውነቱን የሰማችው ያኔ ነው። ያስለቀሳት የሀብሉ መሄድ ሳይሆን ባሏ ደብቋት መክረሙ ነው። ስምንት ወር ሳይሞላቸው ለዕርቅ ተጠራሁ። እሱ የጆሮ ጌጡንና አምባሩን ሸጦ ዕዳውን ሊከፍል ይፈልጋል፤ እሷ «የኔ ነው» ትላለች። የማን እንደሆነ የሚያሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረም።

ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አለው። በ1992 በወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንዱ ተጋቢ በስጦታ ያገኘው ንብረት የግሉ ነው። የግሉ መሆኑን ማስረዳት ካልቻለ ግን የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ጥሎሽ ደግሞ ለጋብቻ መጽናት በሕግ የተጠየቀ ነገር አይደለም፤ የሚጠየቀው የሁለቱ ነጻ ፈቃድ ነው። ኦሮሚያ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት፣ የሷን ድንጋጌ በቀላል ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አሳትሞ ማደል የእናንተ ድርሻ ይመስለኛል።

ባህሉን ለማጥፋት አልመጣሁም። በገጠር ማጫ ከብት በነበረበት ዘመን ላሟ ትወልዳለች፣ ወተቷ ለልጆች ይሆናል፤ የአዲሱ ጎጆ መቋቋሚያ ነበረች። የተዋሱት ሀብል ግን ለጎጆው ምን ይተርፈዋል? ወርቅም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የደመወዝተኛ አቅም የሚደርስበት አልሆነም። ሽማግሌ መላክ ፈርተው ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ልጆች በሰፈራችን አሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የየቀበሌውን የዕድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ አባ ገዳዎችና ሀደ ሲንቄዎችን፣ ማለት የሲንቄን በትር የሚይዙ የኦሮሞ እናቶችን፣ ሰብስቡልን። ለጥሎሽ የሚበቃውን ልክ እነሱ ራሳቸው ይምከሩበት፤ በቢሮ የሚቆረጥ ዋጋ ሰው አይቀበልም። ጋብቻ የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹምም ተጋቢዎቹን «ጥሎሹ የማን ነው? ዕዳስ አለበት?» ብሎ እንዲጠይቅና ስለ ንብረታቸው የጋብቻ ውል በጽሑፍ መዋዋል እንደሚችሉ እንዲነግራቸው አድርጉ። የፌዴራሉ ሕግ ለውሉ አራት ምስክር ይጠይቃል፣ ሁለት በእሷ፣ ሁለት በእሱ በኩል። እኛ ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ነን፤ መፈረም አይከብደንም።

የሰርጉ ወቅት ጥር ነው፤ ሽማግሌ የሚላከው ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ምክክሩ መስከረም ሳያልፍ ቢጠራ ለዘንድሮ ሙሽሮች ይደርሳል። የሰፈራችንን ሽማግሌዎች አሰባስቤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ ሽማግሌ