ገፊው አንተ ነበርክ

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

ይድረስ ለወንድሜ፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? የደሴ ብርድ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ቅዝቃዜ በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «በረዶ የሌለው አገር የበረዶ ስፖርት የሚለማመደው የት ነው? ፍሪጅ ውስጥ?» ብለህ ሳቅክብኝ። ልመልስልህ ስል ኔትወርኩ ቆረጠን። አሁን ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ጫማህን ሳስይዘው ይህንንም ጻፍኩልህ።

ታክሲ ይዤ ከከተማው ወደ ምዕራብ ስወጣ አንድ ኮረብታ አለ። ከጦሳ ጋር ካስተያየኸው ጉብታ ነው። በፈረንጆች 1988 የክረምት ኦሎምፒክ ሲደረግ በረዶ የማያውቁት ጃማይካኖች በቦብስሌድ የተወዳደሩት እዚያ ነው። ቦብስሌድ ማለት በጎማ ፈንታ ብረት የተገጠመለት፣ ጠመዝማዛ የበረዶ ቦይ ውስጥ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ነገር ነው። አንዳንዴ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሐረጎን ያለ ፍሬን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ አስበው። (እኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ አስፋልት ላይ የሚጋገረውንም «በረዶ» ነው የምንለው። ልዩነቱን ያስተማረኝ ወገቤ ነው።)

ሞተር የለውም። አራት ሰዎች 50 ሜትር ያህል እየሮጡ ይገፉታል፤ ከዚያ ተራ በተራ ዘለው ይገባሉ። መግፋቱ የሚፈጀው 5 ሴኮንድ ገደማ ነው። ግን እዚያ ላይ የባከነች አንድ አስረኛ ሴኮንድ ታች ሲደረስ ሦስት እጥፍ ትሆናለች ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው በረዶ የለመደ ሰው ሳይሆን ወፍራም ጭን ያለው አጭር ርቀት ሯጭ ነው። ሩጫው ደግሞ ጃማይካ ሞልቷል።

ሐሳቡ ከየት መጣ መሰለህ? ጃማይካ ውስጥ የእጅ ጋሪ እየገፉ ቁልቁል የሚወርዱበት ውድድር አለ። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሁለት አሜሪካውያን ይህንን አይተው «ይኸው ቦብስሌድ!» አሉ። ሯጮቹ እምቢ ሲሉ ወታደሮች ተመለመሉ። ጎማ የተገጠመለት ነገር ሰርተው ኮንክሪት ላይ መግፋት ተለማመዱ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የኛ የኩሽኔታ ጋሪ አይደለም እንዴ?

ልምምዱ ሁሉ ግን በደረቅ መሬት አያልቅም። ጉልበት የትም ይገነባል፤ መሪ መያዝን ግን ያለ በረዶ አትማረውም። ስለዚህ ነጂው በረዶ ወዳለበት አገር መሄድ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር በብር ነው። ሩጫህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ዕቃ ትዋሳለህ። የዚያን ጊዜዎቹም እንደዚያው ነበሩ።

የኬንያው ፊሊፕ ቦይት ሯጭ ነበር፤ ፊንላንድ ሄዶ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም ጣውላ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ተማረና በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ተወዳደረ። የኛው ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ተወዳድሮ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ። ስኪ ደግሞ ጎማ የተገጠመለት አለ፤ ኖርዌጆች ሳይቀሩ በጋ ላይ አስፋልት ለአስፋልት ይሄዱበታል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ጂም ሲዘጋ አንድ የጃማይካ ቦብስሌድ ነጂ እንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ሚኒ መኪና እየገፋ ይለማመድ ነበር። በ2022 ጃማይካ ከ24 ዓመት በኋላ በአራት ሰው ቦብስሌድ ለኦሎምፒክ ደረሰች።

የ1988ቱ ግን ከልቤ አልወጣም። ነጂው ዳድሊ ስቶክስ ይባላል። ታናሽ ወንድሙ ክሪስ ሯጭ ነበር፤ ካልጋሪ የመጣው ወንድሙን ሊያበረታታ ነው። ከቡድኑ አንዱ ሲጎዳ ውድድሩ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ግባ» ተባለ። ቦብስሌድ ነድቶም ገፍቶም አያውቅም። ገባ! ተገለበጡ። ከውስጡ ወጥተው ከጎኑ በእግራቸው እየሄዱ ጨረሱ። በ1994 ሊልሃመር ኦሎምፒክ ላይ ግን 14ኛ ሲወጡ አሜሪካን ቀድመው ነው።

እኛ ሰፈር ዳገት ላይ መሪው ሁሌ እኔ ነበርኩ፤ ገፊው አንተ። አንድ ቀን በኃይል ገፍተህ መዝለሉ አመለጠህ። እኔ ብቻዬን ወርጄ ከሰው አጥር ጋር ተላተምኩ። እያለቀስክ ስትመጣ «ለምን ጥለኸኝ ሄድክ» የምትለኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ያለቀስከው ኩሽኔታው ስለወለቀ ነው።

ኤርፖርት ስትሸኘኝም ያቺ ቀን ትዝ ብላኝ ነበር። አልነገርኩህም። ባጃጅህን ሸጠህ ትኬቴን ከቆረጥክልኝ በኋላ ምን ብዬ ልጀምረው?

ለማንኛውም አብሽር። የባጃጇ ብር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቀለሟን እማዬ ትምረጥ። ጫማው 42 ነው፤ ከጠበበህ ቶሎ ንገረኝ።

ወንድምህ