የፍላሽ ሚሞሪ ጥገናን በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሐዋሳ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ሎጎው ላይ ቆሞ አልፍ አልል ሲላችሁ፣ «ሶፍትዌሩን ብቻ ጫኑበትና ዛሬውኑ እንውሰደው» የምትሉን ብዙዎች ናችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሁለት ቀን የምንጠይቅበትን ምክንያት በር ላይ በጥድፊያ ከመናገር በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

ፍላሽ ስንል ከጎን የሚሰካውን ሳይሆን ቦርዱ ላይ የተበየደውንና የመሣሪያው ሶፍትዌር የተቀመጠበትን ሚሞሪ ማለታችን ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ባለ 8 እግር ትንሽ ቺፕ ሲሆን፣ በስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መገናኛ ነጥቦቹ ከሆዱ ሥር የተደበቁ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው። ሶፍትዌር በመታደስ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ቺፑ ላይ የሚጻፈው ሶፍትዌር ተቆርጦ ይቀርና መሣሪያው መነሳት ያቅተዋል፤ ቺፑ ራሱ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራመር የሚባለው የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያችን ከቺፑ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፣ ቴሌቪዥኑ ባይነሳም ማንበብ፣ ማጥፋትና እንደገና መጻፍ ያስችለናል።

ጊዜ የሚወስድብን ከመጻፉ በፊት ያለው ሥራ ነው። በመጀመሪያ ቺፑ በ3.3 ቮልት ይሁን በ1.8 ቮልት የሚሠራ መሆኑን እናጣራለን፤ በ1.8 የሚሠራውን በ3.3 ማገናኘት ሊያቃጥለው ይችላልና። ከዚያም ይዘቱን ሁለት ጊዜ አንብበን እናስተያያለን፤ ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ ወይ ግንኙነቱ ላልቷል፣ ወይ ቺፑ አርጅቷል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሳናውቅ አንድም ነገር አንጽፍበትም። ይህን ጥንቃቄ የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። የአንድ ደንበኛችንን ቴሌቪዥን የቀድሞ ይዘት ቅጂ ሳናስቀር፣ ከተመሳሳይ ሞዴል የተገኘ ፋይል ጫንንበት፤ ቴሌቪዥኑ ተነሳ፣ ምስሉ ግን ተገልብጦ ነበር። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም የተገጠመለት ስክሪን የተለየ ኖሮ፣ ማስተካከያው ያለው እኛ ባጠፋነው ይዘት ውስጥ ነበር። የዚያ መሣሪያ ብቻ የሆኑት ሲሪያል ቁጥሩና የኔትወርክ አድራሻውም አብረው ጠፍተዋል። ደንበኛችንን ክሰናል፤ ከዚያ ወዲህ ሳናነብ ጽፈን አናውቅም።

ሁሉም ቺፕ ግን በመጻፍ አይድንም። ከ5.0 ትውልድ ወዲህ ያሉት ኢኤምኤምሲዎች ምን ያህል እንዳገለገሉ በየ10 በመቶው ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ዕድሜው ያለቀ ሆኖ ካገኘነው ሶፍትዌር ጭነን ለጥቂት ሳምንት ከማስነሳት ይልቅ ደውለን የመቀየሪያውን ዋጋ እንነግራችኋለን። ስልክን በተመለከተ ደግሞ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ያለው መረጃ የተመሰጠረና ቁልፉም ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቺፑን አንስተን ፎቶዎቻችሁን እናወጣለን ብለን ገንዘብ አንቀበልም።

መሣሪያውን ስታመጡ ብልሽቱ የደረሰው መብራት ሲቆራረጥ ይሁን ሶፍትዌር ሲታደስ፣ ሌላ ቦታ ተሞክሮም እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩን፤ ከምን እንደምንጀምር የምንወስነው በዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ