ሳተላይቷ ከመምጠቋ በፊት ምን ተለካ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስለመጠቀችው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሜቲዮሳት-12 ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ቻናሎቿ (እያንዳንዱ የተወሰነ የሞገድ ክልል የሚቀበል ነው) ከቀደሙት ሳተላይቶች 12 ወደ 16 ከፍ እንዳሉ፣ የምድርን ሙሉ ገጽ በ15 ሳይሆን በ10 ደቂቃ እንደምታነሳ በሚገባ ጽፋችኋል። ምስሉን የሚያስተማምነው ልኬት ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ልኬቱ የሚካሄደው ምድር ላይ ነው። ሴንሰሩ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥና የሙቀት ጨረር ተቀባዮቹ በጠፈር እንደሚሆኑት ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ መሣሪያ ሞገዱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀየረ ያበራበታል፤ ለእያንዳንዱ የሰጠው ምላሽ ይመዘገባል። ውጤቱ የቻናሉ ኩርባ ነው፤ ቻናሉ የትኛውን ሞገድ ምን ያህል እንደሚቀበል የሚያሳይ መስመር ማለት ነው። መሣሪያው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከወጣ በኋላ ይህን የሚደግምለት የለም። አብሮት የሚጓዘው ሙቀቱ የታወቀ ጥቁር አካል (የሙቀት ጨረር ማነጻጸሪያ) የጨረሩን መጠን ያስተካክላል እንጂ የትኛው ሞገድ እንደገባ አይለይም። የመጀመሪያዎቹ ሜቲዮሳቶች የሚታይ ብርሃን ኩርባ አጠራጣሪ ሆኖ በመገኘቱ፣ ባለሙያዎች ከዓመታት በኋላ በረሃና ባሕር እያዩ እንደገና ለማስላት ተገደዋል።

ለጅማ ምኗ ነው የሚል አይጠፋም። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በየቀበሌው የለም። ክፍተቱን ከሚሞሉት አንዱ፣ በእንግሊዝ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ታምሳት፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ደመናው ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ምን ያህል ሰዓት እንደቆየ አይቶ ዝናቡን ይገምታል። (ካልቀዘቀዘ ደመና የሚወርደውን የኮረብታ ካፊያ ይህ ዘዴ ድሮም አያየውም፤ ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣ ገበሬ ግን ያየዋል።) ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚያገለግለው የቀድሞው ቻናል ማዕከሉ 10.8 ማይክሮሜትር ነበር፤ የአዲሷ 10.5 ነው፣ ስፋቱም ጠበብ ይላል። ልዩነቱ በወፍራም ደመና አናት ላይ ትንሽ ነው። ሳይታረም ከታለፈ ግን ከመሣሪያው መለወጥ የመጣውን ነገር ዝናቡ ቀነሰ ወይም ጨመረ ብለን ልናነበው እንችላለን። የሁለቱም ኩርባ በትክክል ተለክቶ ከሆነ በስሌት ይታረማል፤ ካልሆነ ግምት በግምት ላይ ይደረባል።

በ2012 ዓ.ም. የእኛዋ የምድር ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ስትመጥቅም ክብደቷን እንጂ የካሜራዋን ኩርባ የጻፈ ጋዜጣ አልገጠመኝም። በሚቀጥለው ዘገባችሁ የሜቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችንን የአሮጌውና የአዲሱ መረጃ እንዴት እንደሚገጣጠም ጠይቁልን። መልሱን ከነቁጥሩ አትሙት፤ የቴክኒክ ነው ብላችሁ አትቁረጡት።

አንድ የፊዚክስ መምህር
ከጅማ