የካፌዎቻችን ዋይፋይ የተረሳ በር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት ካፌዎች የዋይፋይ የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ መለጠፉ ብዙም አያሳስበኝም፤ የእንግዶች መስመር ከሒሳብ ኮምፒዩተሩ ተለይቶ ከተከፈተ ይበቃል። የሚያሳስበኝ በየራውተሩ (ዋይፋዩን በሚያሰራጨው መሣሪያ) ክፍት የሚቀረው ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) ነው፤ ይህም የይለፍ ቃሉን ሳይጽፉ ፒን በሚባል የቁጥር ኮድ ከዋይፋዩ ጋር መገናኛ ዘዴ ነው።

ፒኑ ባለ 8 አሃዝ በመሆኑ 100 ሚሊዮን ሙከራ የሚጠይቅ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን 4 አሃዞች ለብቻ፣ ቀሪዎቹን ለብቻ ያረጋግጣል፤ የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 10,000 ሲደመር 1,000፣ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ጉድለት ነው! ፒኑን ያገኘ ሰው ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈውን የዋናውን መስመር የይለፍ ቃል ራሱን ያገኛል፤ የቃሉ ርዝመት አያድንም።

መፍትሔው በብሮውዘር የራውተሩን አድራሻ (ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ከፍቶ ደብሊው ፒ ኤስን ማጥፋት፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ደህንነቱንም ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 (WPA2/WPA3) በሚባሉት የዋይፋይ ምስጠራ ደረጃዎች ላይ ማድረግ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሪሴት ቀዳዳውን የሚነኩ ግን ይህን ሁሉ መድገም አለባቸው፤ ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለሚመለስ ደብሊው ፒ ኤስ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይከፈታል።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን