መቆሚያውን በሰኔ ለኩት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከረማችሁ? የእማምዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችሁ ደቅ ደሴት ላይ ለጀልባ መቆሚያ ቦታ የመረጠው በጥቅምት ነው አሉኝ። ወንድሜ፣ በሰኔ ሳትለኩት አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጡ! ጣና በመስከረምና በሰኔ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። ዳሩ ለጥ ያለ ከሆነ ውኃው መቶ እርምጃ ይሸሻል። ጀልባው ከሩቅ ይቆማል፤ ዓሣው በሰው ሸክም ጭቃ ሲያቋርጥ ፀሐይ ይመታውና ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል።

ለታንኳ ይህ አያስቸግርም። ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ቀላል ነው፣ የትም ዳር ጎትተው ያወጡታል፤ ውኃ እንዳይጠጣም ከሥራ በኋላ ዳር ላይ መድረቅ አለበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባ ሲገባ ግን ጥልቀት የሌለው ዳር ወደብነቱ ቀረ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም የውኃ መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የሐይቁን ልክ ዝናብ ብቻ አይወስነውም። በ1995 ዓ.ም ውኃው ክፉኛ ወርዶ መርከቦቹ መሄድ አቁመው ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ምልክት ብቻውን አይበቃም።

ረጅም ዘንግ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በታንኳ ከዳር ወደ ውስጥ እየገባችሁ በየአሥር እርምጃው ለኩ፤ ሥሩ ጭቃ ይሁን ድንጋይ ጻፉ። ዓሣ የሞላው ጀልባ ሞተሩ ከሚደርስበት በታች ግማሽ ሜትር ውኃ ይቅር። የጣና ድንጋይ ጥቁርና ስለታም ነው፣ የሞተሩን ምላጭ ይሰብራል።

መቆሚያውን እንደ ግንብ አትድፈኑት፤ ደለሉ አንድ ጎን ይቆለልና በጥቂት ክረምት ይሞላል። በምሰሶ አቁሙት፣ ውኃው ከሥር ይለፍ። ከፍታውም አንድ አይሁን፤ ከመስከረም ልክ እስከ ሰኔ ልክ የሚወርድ ደረጃ ይኑረው። እዚህ ፈረንሳይ፣ ሴን ማሎ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ 12 ሜትር የሚደርስበት ቀን አለ። ለዚህ ሲሉ ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ አላቸው። ለእናንተ ግን ደረጃው ይበቃል።

በናርጋ ሥላሴ ገዳም በኩል ዳሩ ለሰፊው ሐይቅ የተጋለጠ ነው። በዳጋ ደሴት በኩል ያለውን ዳር አስቀድማችሁ እዩት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሄደህ ማዕበሉን ተመልከት። ደንገሉን ደግሞ ጀልባ ከሚያልፍበት በላይ አትቁረጡ፤ ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው እዚያ ጥግ ነው።

የለካችሁትን ጽፈህ ላክልኝ፣ የደረጃውን ቁመት አብረን እናሰላዋለን። እማምዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ወንድምህ